የሥራ ቀን ርዝመትና የሠራተኛው ዝለት

ሥራ የሰው ልጅ ተፈጥሮን የሚለውጥበት፣ በዚያውም ልክ ራሱን የሚያንጽበት ተግባር ነው። ነገር ግን የሠራተኛው ጉልበት ከሚታደስበት መጠን በላይ ሲመጠጥ ማነጹ ቀርቶ ማፍረስ ይሆናል። ዛሬ «የሥራ ዝለት» የሚባለው ጉዳይ ከዚህ ተቃርኖ የሚመነጭ እንጂ፣ አንዳንዶች ሊያስረዱን እንደሚሞክሩት፣ ከግለሰቡ የመንፈስ ድክመት የሚመጣ አይደለም።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ምደባ ዝለትን በሽታ አላለውም፤ በሥራ ቦታ ከሚደርስና በሚገባ ካልተገታ የዘወትር ጫና የሚመጣ ሁኔታ መሆኑን ነው የገለጸው። ምልክቶቹም የአቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በመንፈስ መራቅና የውጤታማነት መቀነስ ናቸው። በትርጓሜው ላይ ጠብ የለንም። ሆኖም «ካልተገታ» ሲባል የመግታቱ ኃላፊነት የማን እንደሆነ ሳይነገር መቅረቱ ቀላል ግድፈት አይደለም። በዚህ ቀዳዳ የሚገባ አሠሪ ለሠራተኛው የትዕግሥት ምክር ይለግሳል፤ የሥራ ሰዓቱን ግን እንደነበረ ይተወዋል።

ጥያቄው አሮጌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ሜሪ አን ዎክሊ የተባለች የ20 ዓመት ልብስ ሰፊ በለንደን ከተማ ለመሳፍንት ግብዣ የሚለበሱ ቀሚሶች እንዲደርሱ 26 ሰዓት ተኩል ያለ ዕረፍት ሠርታ፣ ዓርብ ታማ እሑድ ሞተች። ካርል ማርክስ በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» ስለ ሥራ ቀን በሚያትተው ረጅም ምዕራፍ ታሪኳን መዝግቦታል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የፋብሪካ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት በመጀመሪያው ስምምነቱ የወሰነው ግን በ1919 ነበር።

የስፌት መኪናው በአገራችንም ተተክሏል። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ 60 ሺህ ያህል ሠራተኞችን እንዲይዝ ታቅዶ ነበር። ወደ ፋብሪካዎቹ የገቡት በአመዛኙ ከአካባቢው ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ገደማ መሆኑን፣ ፋብሪካዎቹም በአማካይ በ12 ወር ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ የሚተኩ መሆናቸውን ዘግበዋል። ይህን መፍለስ «የኢንዱስትሪ ሥራ ባህል ማነስ» የሚሉት አልጠፉም። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ በእርሻ ላይ ፀሐይና ዝናብ ችላ ያደገች ልጅ ሥራ አታውቅም ሊባል ነውን? የቤት ኪራይ ለመጋራት ከባልንጀሮቿ ጋር በአንዲት ክፍል ታድራለች፤ ደመወዟ ስለማይበቃት ትርፍ ሰዓት ትገባለች። ይህን «በፈቃደኝነት» ብሎ መመዝገብ በቃላት መጫወት ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ ደንግጎ፣ ትርፍ ሰዓትን እንደ አደጋና አስቸኳይ ሥራ ላሉ ምክንያቶች እስከ 12 ሰዓት ፈቅዷል። ድምሩ 60 ነው። የዓለም የጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት የጋራ ጥናት ደግሞ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር፣ በአንጎል የደም ሥር መታወክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞትን አደጋ በ17 በመቶ ያሳድጋል። ስለሆነም ለአስቸኳይ ጊዜ የተፈቀደው ልዩ ሁኔታ ልማድ በሆነበት ፋብሪካ ሕግ ሳይጣስ ጤና ይጣሳል።

በደሉ የግል ባለሀብት ብቻ ነው ብለን ራሳችንን አናታልልም። ኮታ ከላይ በሚወርድበት፣ «ኮከብ ሠራተኛ» በሚሸለምበት የመንግሥት ፋብሪካም ድካም በሪፖርት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ያው አዋጅ አነስተኛ ደመወዝን የሚወስን የደመወዝ ቦርድ ስለሚቋቋምበት መንገድ ደንግጓል። ቦርዱ የአገሪቱን የኢኮኖሚ እድገት፣ የሥራ ገበያውንና «ሌሎች ሁኔታዎችን» እንዲያጠና ይጠበቃል። በሌሎች ሁኔታዎች ውስጥ የሠራተኛዋ የእንቅልፍ ሰዓት ይቆጠር።