የብረት ጣሪያ የብየዳ መጋጠሚያ ንድፍ፦ በአንኮበርና በአካባቢው ለሚያስገነቡ የቀረበ ማብራሪያ

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ፣ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ የምትገኝ ከተማ ናት። ከከተማዋ በታች ያለው ምድር በአጭር ርቀት ወደ ቆላው ስለሚወርድ፣ ሽቅብ የሚመጣው ነፋስ አፋፉን በሚያልፍበት ጊዜ ፍጥነቱ ይጨምራል። በቀድሞው ዘመን በአካባቢው የቤት ጣሪያ ከእንጨት ተሠርቶ በልጥና በጠፍር ይታሰር ነበር። ዛሬ አዳራሽ፣ መጋዘን፣ የወፍጮ ቤትና የመኖሪያ ቤት ጣሪያ ሳይቀር በቱቦላሬና በአንጎላሬ ተሠርቶ በብየዳ ይያያዛል። የታሰረው እንጨት ከመላቀቁ በፊት ይላላል፤ ይንቋቋል፤ ባለቤቱንም ያስጠነቅቃል። በአግባቡ ያልተበየደ ብረት ግን ምንም ምልክት ሳያሳይ በአንድ ቅጽበት ሊለያይ ይችላል። በመሆኑም የብየዳ መጋጠሚያ መጠን መወሰን ያለበት በያጁ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት፣ በንድፍ ወረቀት ላይ ነው።

አብዛኛው አስገንቢ ጣሪያ ወደ ታች እንደሚጫን እንጂ ወደ ላይ እንደሚሳብ አያስብም። ይሁን እንጂ ቀላል የቆርቆሮ ጣሪያ በአፋፍ ላይ ሲሠራ ዋነኛው ጭነት ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ የሚስበው ነፋስ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ለንድፍ መነሻ ያደረገው የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። በደጋ አየሩ ስስ መሆኑ ግፊቱን በመጠኑ ቢያቀልለውም፣ ይህ ፍጥነት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 23 ኪሎ ግራም ገደማ ግፊት ይፈጥራል። በኮረብታ አናትና በገደል አፋፍ ላይ፣ በተለይም በጣሪያው ጠርዝና በክፈፉ አካባቢ፣ ኃይሉ ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ሊሆን ስለሚችል ንድፍ አውጪው ቦታውን አይቶ ይወስናል።

ለማሳያ ያህል ስፋቱ 8 ሜትር የሆነ፣ የጣሪያ ትራሶቹም በየ3 ሜትሩ የቆሙ አንድ አዳራሽ እንውሰድ። እያንዳንዱ የትራስ ጫፍ የ12 ካሬ ሜትር ጣሪያ ድርሻ ይኖረዋል። ነፋሱ በካሬ ሜትር 50 ኪሎ ግራም ወደ ላይ ቢስብ በአንድ ጫፍ ላይ 600 ኪሎ ግራም ይሆናል። የቆርቆሮው፣ የፑርሊኑና የትራሱ ክብደት በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ግራም ቢሆን መልሶ የሚይዘው 180 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። በንድፍ አሠራር የነፋሱ ኃይል በ1.5 ተባዝቶ 900 ኪሎ ግራም ስለሚሆን፣ የጣሪያው ክብደት ሲቀነስለት መጋጠሚያው ሊችለው የሚገባ 720 ኪሎ ግራም ይቀራል። ይህን ኃይል የሚሸከመው ትራሱ ከግድግዳው ወይም ከዓምዱ ጋር የተያያዘበት ብየዳ ነው።

ሁለት ብረቶች በማዕዘን ተገናኝተው ሲበየዱ የሚፈጠረው የማዕዘን ብየዳ በወርዱ ሲታይ ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ አለው። ጥንካሬው የሚለካው ከውጭ በሚታየው እግሩ አይደለም። የሚለካው ከውስጠኛው ማዕዘን እስከ ብየዳው ፊት ባለው አጭሩ ርቀት ሲሆን፣ ይህም በሙያው አነጋገር የብየዳው ጉሮሮ ይባላል። ጉሮሮው ከእግሩ 0.7 እጅ ያህል ስለሆነ፣ 3 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ ለማግኘት እግሩ ከ4 ሚሊ ሜትር በጥቂቱ መብለጥ አለበት። በአውሮፓ ደንብ ላይ ተመሥርቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮጵያ የብረት መዋቅር ደረጃ ከ3 ሚሊ ሜትር ያነሰ ጉሮሮን፣ እንዲሁም ከ30 ሚሊ ሜትር ወይም ከጉሮሮው ስድስት እጥፍ ያጠረ ብየዳን ኃይል ተሸካሚ አድርጎ አይቀበልም። ለተራው የግንባታ ብረት፣ ማለትም ኤስ 235 ተብሎ ለሚታወቀው፣ በዚህ ደረጃ መሠረት ሲሰላ አንድ ካሬ ሚሊ ሜትር የጉሮሮ ስፋት 208 ኒውተን ያህል ይችላል። ስለዚህ የ3 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ ያለው ብየዳ በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ርዝመቱ 63 ኪሎ ግራም ገደማ ይሸከማል።

ከላይ የተገለጸው 720 ኪሎ ግራም በዚህ ስሌት 12 ሚሊ ሜትር በማይሞላ ብየዳ ሊያዝ ይችላል ማለት ነው። ከጣት ወርድ ያነሰ ርዝመት! አንባቢ በዚህ ጊዜ “እንግዲያውስ የሚያሰጋው ምንድን ነው?” ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። መልሱ ስሌቱ እውነት ናቸው ብሎ በተቀበላቸው ነገሮች ውስጥ ይገኛል፦ ጉሮሮው በእርግጥ 3 ሚሊ ሜትር መሆኑ፣ ቀልጦ የፈሰሰው ብረት ከሁለቱም ብረቶች ጋር መዋሐዱ፣ የሚበየደውም ብረት ራሱ በቂ ውፍረት ያለው መሆኑ።

ከሦስቱ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የመጨረሻው ነው። ለጣሪያ በገበያ ከሚቀርቡት ቱቦላሬዎች መካከል የግድግዳቸው ውፍረት 1.2 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር የሆኑ ይገኙባቸዋል። ውፍረቱ 1.2 ሚሊ ሜትር በሆነ ግድግዳ ላይ የ3 ሚሊ ሜትር ጉሮሮ ያለው ብየዳ ቢደረግ እንኳ፣ ከብየዳው ጠርዝ ያለው ስስ ብረት የሚችለው ከብየዳው አቅም አንድ አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ብየዳው ሳይነካ ቱቦላሬው ይቀደዳል ወይም ፊቱ ወደ ውጭ ይሳባል። ከላይ የጠቀስነው ደረጃ የማዕዘን ብየዳ ስሌቱን ያዘጋጀው 4 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ውፍረት ላለው ብረት ሲሆን፣ ለቱቦላሬ መጋጠሚያ ደግሞ ከ2.5 ሚሊ ሜትር ያላነሰ ግድግዳ ይጠይቃል። ከዚያ የሳሳ ብረት በሌላ ክፍል ለብቻው የሚታይ ነው። ቀጭን ቱቦላሬ በመግዛት የተገኘው ቁጠባ፣ ቢያንስ ለዋናው ትራስና ለጫፍ መጋጠሚያዎቹ፣ የሚያዋጣ ሆኖ አናገኘውም። ለፑርሊን ቢሆን ነገሩ ይለያል።

አንዳንድ ባለሙያዎች የብረቱን መሳሳት በብየዳ ውፍረት ለማካካስ ይሞክራሉ። ይህ ትክክል አይደለም። የጉሮሮው መጠን በእጥፍ ሲያድግ አቅሙ በእጥፍ ይጨምራል፤ የሚፈሰው ብረትና የሚገባው ሙቀት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ሙቀቱም ብረቱን ያጣምማል፤ ስስ ከሆነም ይበሳዋል። ተጨማሪ አቅም ሲያስፈልግ ብየዳውን ከማወፈር ማርዘም፣ ወይም በመጋጠሚያው ላይ ወፍራም ፕሌት መጨመር ይመረጣል። ፕሌት በሁለቱም ወገን ሲበየድ በየወገኑ ያለው ጉሮሮ ከፕሌቱ ውፍረት ግማሽ ያህል ከሆነ፣ ብየዳው ከፕሌቱ ጋር የሚስተካከል አቅም ይኖረዋል። ለ6 ሚሊ ሜትር ፕሌት በየወገኑ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ መዋሐድ ነው። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሲዋዥቅ ወይም ከማሽኑ ጋር የተያያዘው ገመድ ረዥምና ቀጭን ሲሆን፣ ኤሌክትሮዱ ይቀልጣል እንጂ ሥረኛውን ብረት በበቂ አያቀልጠውም። ከላይ ሲታይ ያማረ፣ ከሥሩ ግን ያልተያያዘ ብየዳ ይፈጠራል። በአንኮበር ደግሞ የጉሙ ነገር አለ። ካርቶኑ ተከፍቶ በግንባታ ቦታ ያደረ ኤሌክትሮድ እርጥበት ይስባል፤ በብየዳው ውስጥ የአየር ቀዳዳ፣ በወፍራም ወይም በጠንካራ ብረት ላይም ስንጥቅ ያስከትላል። በተለይ ኢ 7018 የሚባለው ዓይነት በደረቅና በሞቀ ዕቃ ካልተቀመጠ ጥቅሙን ያጣል። ዚንክ የተቀባ ብረት ሲሆን ቅቡ ከመበየዱ በፊት በግራይንደር መነሣት አለበት፤ ጢሱ ለበያጁ ጤና ጎጂ መሆኑም ሊታሰብ ይገባል። ትራሱን ለማቆም ያህል ተደርጎ ሳይሞላ የተረሳ የነጥብ ብየዳም የተለመደ ጥፋት ነው።

የትራሱ ጫፍ ከቶፕ ታይ ቢሙ ጋር የሚገናኝበት ቦታ የተለየ ትኩረት ይሻል። በብዙ ግንባታዎች ከኮንክሪቱ የወጣ ፌሮ ታጥፎ ከትራሱ ጋር በቀጥታ ሲበየድ ይታያል። የፌሮው የካርበን መጠን ከፍ ያለ ከሆነ በብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል። ከዚያም በላይ የታጠፈ ፌሮ ወደ ላይ ሲሳብ መጀመሪያ ለመቃናት ስለሚሞክር፣ ብየዳውን ከጫፉ ጀምሮ እንደ ሽፋን ይልጠዋል። ተመራጩ ኮንክሪቱ ከመሞላቱ በፊት መልሕቅ ብሎን ያለው ፕሌት በቦታው ማስቀመጥና ትራሱን በፕሌቱ ላይ ማሰር ነው። ይህን ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ማስተካከል ብዙ ወጪ ያስከትላል።

ከነፋሱ ሌላ አካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ የሚጎበኘው ነው። በ1835 ዓ.ም. አንኮበር ላይ የደረሰው መንቀጥቀጥና የመሬት መንሸራተት ቤቶችን አፍርሷል። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የተነሣው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አውድሟል። በ2017 ዓ.ም. ከአንኮበር በታች ባለው የአዋሽ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ የተከሰተው ተከታታይ መንቀጥቀጥም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በመሬት መንቀጥቀጥ ወቅት የሚፈለገው ብረቱ እየተጣጠፈ ኃይሉን እንዲያበርድ እንጂ ብየዳው ቀድሞ እንዲበጠስ አይደለም፤ ስለሆነም መጋጠሚያው ከሚያያይዘው ብረት የበለጠ አቅም እንዲኖረው ተደርጎ ይነደፋል። በጥር 1986 ዓ.ም. በአሜሪካ ኖርዝሪጅ በተባለ ስፍራ ከደረሰው መንቀጥቀጥ በኋላ፣ ቆመው የቀሩ የብረት ሕንፃዎች ሽፋናቸው ሲነሣ በምሰሶና በአግዳሚ መጋጠሚያቸው ያለው ብየዳ ተሰንጥቆ ተገኝቷል። ከውጭ ሲታዩ ምንም አልሆኑም ነበር።

ወደ ፈቃዱ ጉዳይ ስንመጣ፣ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ነበር። ባለ አንድ ፎቅ ሆኖ በሁለት ተሸካሚዎች መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ሕንፃ ምድብ “ሀ” ውስጥ ይገባ ነበር። ከላይ በምሳሌነት የወሰድነው ባለ 8 ሜትር አዳራሽ ከዚህ ልኬት ስለሚያልፍ በዚያ አዋጅ በምድብ “ለ” ይታይ ነበር፤ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ከሆነ ወይም ፋብሪካ ወይም ወርክሾፕ ከሆነ ምድብ “ሐ” ይሆን ነበር። ስለሆነም አስገንቢው ፕላን ከማሠራቱ በፊት ሕንፃው በየትኛው ምድብ እንደሚወድቅና በወቅቱ ተፈጻሚ የሆነው መስፈርት ምን እንደሆነ ከከተማው የሕንፃ ሹም ጽሕፈት ቤት ቢያረጋግጥ ከኋላ ከሚመጣ እርማት ይድናል።

የስትራክቸር ንድፉ ሲቀርብልዎ በመጋጠሚያዎቹ ዝርዝር ሥዕል ላይ የብየዳው ጉሮሮ ወይም እግር በሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ፣ በአንድ ወይም በሁለት ወገን መሆኑ፣ የኤሌክትሮዱ ዓይነትና የብረቱ ውፍረት መጻፉን ይመልከቱ። “በብየዳ ይያያዝ” የሚል ቃል ብቻ ያለበት ሥዕል ያልተጠናቀቀ ስለሆነ ንድፍ አውጪው እንዲያሟላው መጠየቅ ተገቢ ነው። ከበያጁ ጋር ውል ሲፈጸምም የሙያ ብቃት ማረጋገጫው ይታይ፤ ሥዕሉም የውሉ አካል ይሁን።

በውሉ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር ማስገባት ይጠቅማል፦ ብየዳው በተቆጣጣሪው መሐንዲስ ሳይታይ ፀረ ዝገት ቀለም እንዳይቀባ። ቀለም ከተቀባ በኋላ ቀዳዳውም፣ ስንጥቁም፣ ያልሞላውም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ተቆጣጣሪው ቅርፊቱ ተራግፎ፣ በብሩሽ ተጠርጎ፣ በመለኪያ እግሩ ሲለካ ለማየት በአንድ ትራስ ላይ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። ትራሶቹ መሬት ላይ እንዳሉ ቢታዩ ደግሞ የተሻለ ነው፤ የተሰቀለ ብየዳ መሰላል ይጠይቃል፤ ብዙውን ጊዜም ሳይታይ ይታለፋል።

ጣሪያቸው ቀደም ብሎ የተሠራ ባለቤቶች ከክረምቱ መውጫ በኋላ የትራሱን ጫፎችና በክፈፉ አቅራቢያ ያሉትን መጋጠሚያዎች ቢያዩ መልካም ነው። በብየዳው ጠርዝ እንደ ክር የወረደ የዝገት መሥመር፣ የተሰነጠቀ ቀለም፣ ወይም ፊቱ ወደ ውጭ ያበጠ ቱቦላሬ ከታየ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ከማስበየድ በፊት መሐንዲስ ጠርቶ ማሳየት ያስፈልጋል። በተሰነጠቀ ብየዳ ላይ ሌላ ብየዳ መደረብ ስንጥቁን ከመሸፈን አያልፍም፤ አሮጌው ብየዳ ተፍቆ መነሣት ይኖርበታል።