ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ልትገዙ ነው? ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

መመረቂያ ሲቃረብ በየካምፓሱ የማይጠፋ ወሬ አለ፦ «ሃርድ ዲስኬ አልከፍት አለኝ፣ ፕሮጀክቴ ያለው እዚያ ውስጥ ነው»። የዓመታት ኖት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ዳታ፣ የዶርም ፎቶ፣ ሁሉም መዳፍ በማትሞላ አንዲት ሳጥን ውስጥ። ታዲያ ተማሪ ኤክስተርናል ሲገዛ ምን ማየት አለበት?

መጀመሪያ ስለ ሀሰተኛው እናውራ፤ ብር የሚበላው እሱ ነውና። በኦንላይን መሸጫዎች ላይ «16 ቴራባይት ኤስኤስዲ» የሚል ዕቃ በፍላሽ ዋጋ ሲቀርብ ታያላችሁ። ኪስ የሚገባ፣ ውስጡ ዲስክ የሚሽከረከርበት ሃርድ ዲስክ ትልቁ 6 ቴራባይት ገደማ ነው። 16 ቴራ በትንሽ ብር የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ሲፈታ ብዙ ጊዜ ውስጡ የሚገኘው ስልክ ላይ የምናስገባት ዓይነት ሜሞሪ ካርድ ነው።

ተንኮሉ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፑ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ «ስንት ትይዛለህ?» ሲለው «16 ቴራ» ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ተሠርቷል። ኮፒ ስታደርጉ ሁሉም ሰላም ነው፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ መጠኑም ይታያል። እውነተኛው ቦታ ካለቀ በኋላ ግን አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ወይም ጭራሽ የትም አይጻፍም። ሰው የሚነቃው ከወራት በኋላ የድሮ ፋይል ሲከፍት ነው። ያኔ ደግሞ ሻጩ ስልክ አያነሳም።

በነገራችን ላይ 1 ቴራ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 931 ጊጋ ቢላችሁ አልተሸወዳችሁም። ፋብሪካው በ1000 ይቆጥራል፣ ዊንዶውስ በ1024። በዚህ ከሻጩ ጋር አትጣሉ።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሳትጠቀሙበት በፊት ፈትኑት። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ባዶውን ቦታ በሙሉ በሙከራ ዳታ ይሞላና መልሶ ያነበዋል፤ የጻፈውን ካላገኘው ይነግራችኋል። 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ በዩኤስቢ 3 ከተሰካ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ማታ አስጀምራችሁ ተኙ። ሱቁ ላይ ቆሞ የሚሠራ ነገር ስላልሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት «ችግር ካለው በስንት ቀን ትቀይሩልኛላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁና ደረሰኙ ላይ አስጽፉት። «አይጽፍም» ካለ ሌላ ሱቅ አለ።

ኤስኤስዲ ወይስ ሃርድ ዲስክ? በሃርድ ዲስኩ ውስጥ በደቂቃ 5400 ጊዜ ገደማ የሚዞር ሳህን አለ፤ ማንበቢያው ከላዩ የሚንሳፈፈው ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ በቀጠነ ክፍተት ነው። እየሠራ እያለ ከጠረጴዛ ከወደቀ አለቀለት። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው መውደቅን ይችላል፣ ፍጥነቱም በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን በተመሳሳይ ብር የሚይዘው ያንሳል፣ ሲበላሽም ብዙውን ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው፤ ደግሞ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ እንዲቀመጥ አይመከርም። የእኛ ምክር፦ ክላስና ላይብረሪ ይዛችሁት የምትዞሩ ከሆነ ባለ 500 ጊጋ እውነተኛ ኤስኤስዲ ይበቃችኋል። ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ለፊልምና ለፎቶ ማስቀመጫ ከሆነ ባለ 1 ወይም 2 ቴራ ሃርድ ዲስክ ያዋጣል።

ስለ ብራንድ ብዙ ክርክር አለ። ዛሬ በዓለም ላይ ሃርድ ዲስክ የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፦ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። ስለዚህ የማታውቁት ስም የተለጠፈበት ሃርድ ዲስክ ካያችሁ ውስጡ ያለው የእነዚህ የአንዳቸው ነው፤ ጥያቄው አዲስ ነው ወይስ ከአሮጌ ላፕቶፕ ወጥቶ አዲስ ልብስ የለበሰ? ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ያሳያችኋል። «አዲስ ነው» የተባለው 9000 ሰዓት ካለበት ነገሩ ግልጽ ነው። ጤናው ሰማያዊ ከሆነ ደህና፣ ቢጫ ከሆነ ግን በርካሽም ቢሆን አትግዙ። ታዋቂ ስም ብቻውንም አያድንም፤ በ2023 አንዳንድ የሳንዲስክ ኤክስትሪም ኤስኤስዲዎች ዳታ እያጠፉ ኩባንያው ማስተካከያ ሶፍትዌር ለማውጣት ተገዶ ነበር።

ጥሩውን ከገዛችሁ በኋላ ትልቁ ጠላት ማተሚያ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ የመቶ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ ኤክስተርናላችሁን አትሰኩ። ለፕሪንት ትንሽ ፍላሽ ይኑራችሁ፣ ወይም ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላኩላቸው። ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ሾርትከት ከሆኑ አትደንግጡ፣ ፎርማትም አታድርጉ፤ ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለም። የሚያውቅ ሰው ያወጣቸዋል።

የመመረቂያ ጽሑፍ ደግሞ ስንት ሜጋ ቢሆን ነው? ጎግል ድራይቭ 15 ጊጋ በነፃ ይሰጣል፣ የቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅ» በአንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይቀበላል። በየሳምንቱ አንድ ኮፒ እዚያ ጣሉ። ሃርድ ዲስኩ ቢሰረቅስ?

አንድ ቀን ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ካሰማችሁ ወዲያው ንቀሉት። ደጋግሞ መሰካት፣ መምታት፣ ቤት ውስጥ ፈትቶ ማየት የተረፈውን ዳታ ይጨርሰዋል፤ ውስጡ የምትገባ ቅንጣት አቧራ እንኳ ሳህኑን ትቧጥጣለች። ዳታ ወደሚያወጣ ባለሙያ ስትሄዱም ከመከፈቱ በፊት ዋጋውንና ካልወጣ ትከፍሉ እንደሆነ ጠይቁ።