ትምህርት ቤት ሲዘጋ ትምህርት እንዳይዘጋ

ሰኔ 30 ካርድ ከተሰጠ በኋላ ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን የተማሪዎች የዕረፍት ጊዜ ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም ዞን በየጁቤ፣ በቢቸናና በሞጣ አካባቢ ግን ክረምት ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነው። ጤፍ ይዘራል፣ አረም ይታረማል፣ ከብት ከሰብል ይጠበቃል። ልጆችም በአቅማቸው ያግዛሉ። ቤተሰቡ ሥራውንና ትምህርቱን ማገናኘት ከቻለ ልጁ መስከረም ላይ ወደ ክፍል የሚመለሰው የተማረውን ይዞ ነው።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ንባብ ገና ያልጸናለት የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሁለት ወር ሙሉ ደብተር ካልገለጠ የለየውን ፊደል መልሶ ያምታታል። በመስከረም ከጓደኞቹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ደግሞ ትምህርቱን ለማቋረጥ ቅርብ ነው። ከዚያ በኋላ ወንዱን የቀን ሥራ ፍለጋ፣ ሴቷን ያለዕድሜ ጋብቻ ይጠብቃቸዋል።

ረጅም የትምህርት መቋረጥ የሚያስከትለውን ጉዳት ክልሉ በተደጋጋሚ አይቶታል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከመጋቢት 7/2012 ዓ.ም ጀምሮ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ በጥቅምት 2013 ዓ.ም ደረጃ በደረጃ እስኪከፈቱ ድረስ ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ተሞክሮ ነበር። ሬዲዮም መብራትም በሌለበት የገጠር ቤት ግን ለልጁ የቀረው መምህር ቤተሰቡ ብቻ ነበር። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህም በክልሉ በተፈጠረው የሰላም እጦት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕጻናት ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ለእነዚህ ልጆች ቤት ውስጥ መማር የክረምት ማሟያ ብቻ ሳይሆን የዓመት ስንቅ ሆኗል።

በሌላው ዓለም ልጆቻቸውን ሙሉ በሙሉ ቤት ውስጥ የሚያስተምሩ ቤተሰቦች አሉ። በአሜሪካ በሁሉም ግዛቶች ሕጋዊ ነው፤ በጀርመን ደግሞ ልጅ ትምህርት ቤት መግባት ግዴታው ነው። በጎጃም የተለመደው የቤት ትምህርት ግን ከመደበኛው ጎን ለጎን የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም።

ንባብ

የአማርኛ ፊደል በተለምዶ 33 ዘሮች አሉት። እያንዳንዱ 7 ድምፅ ስላለው በድምሩ 231 ይሆናል። በቀን አንድ ዘር ብቻ የሚከልስ ልጅ በ33 ቀናት ሁሉንም ይጨርሳል፤ በዕረፍቱም ከአንድ ጊዜ በላይ ይመላለስበታል። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ልምድም ይህንኑ ያስተምራል። የኔታ ተማሪውን ከፊደል ቆጠራ ተነሥተው ደረጃ በደረጃ እስከ ዳዊት ሲያደርሱት ያለፈውን ሳያስከልሱ ወደሚቀጥለው አያሻግሩትም።

ማንበብ የማይችል ወላጅም ልጁን ማስጠናት ይችላል። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብ፣ ከዚያም ያነበበውን በራሱ ቃል እንዲተርክ መጠየቅ በቂ ነው። መጽሐፍ ከሌለ የማዳበሪያ ከረጢት ጽሑፍ፣ የክትባት ካርድ፣ የግብር ደረሰኝ ይነበባል። ማታ እሳት ዳር የሚነገር ተረትና እንቆቅልሽም ልጁ ነገርን በቅደም ተከተል እንዲይዝና እንዲያገናዝብ ያለማምዳል።

ስሌት

በብዙ ቦታ 4 ጥማድ 1 ሄክታር ገደማ ተደርጎ ይታሰባል። ከ3 ጥማድ 12 ኩንታል ጤፍ ከተገኘ፣ ከአንዱ ጥማድ በአማካይ ስንት ገባ? መልሱ 4 ኩንታል ነው። ከ12ቱ 7ቱ ለቀለብ፣ 1ዱ ለዘር ቢቀመጥ ለገበያ የሚተርፈው 4 ኩንታል ነው። ዩሪያ ማዳበሪያ 46 በመቶ ናይትሮጂን አለው፤ ስለዚህ 50 ኪሎ ግራም በሚይዝ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጂን ይገኛል። ከተማ ያለ ልጅም የሱቅ ሒሳብና የመብራት ቆጣሪ ንባብ ላይ ይህንኑ ሊለማመድ ይችላል።

ዝናብን መለካት

አፉና ወለሉ እኩል ስፋት ያለው ባዶ ቆርቆሮ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ ይቀመጣል። ልጁ በየማለዳው የተጠራቀመውን ውኃ በማስመሪያ ለክቶ ከነቀኑ ይጽፋል፣ ከዚያም ይደፋዋል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውኃ ነው። በአንድ ሌሊት 12 ሚሊ ሜትር ከዘነበ፣ 2 ሺህ 500 ካሬ ሜትር በሆነ አንድ ጥማድ ላይ 30 ሺህ ሊትር ወርዷል ማለት ነው፤ ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሞላ 1 ሺህ 500 ይሆናል። ይህን ያሰላ ልጅ እርከንና የውኃ መፋሰሻ ቦይ ለምን እንደሚያስፈልግ ሌላ ማስረጃ አይሻም።

በዓላትና አካባቢ

በነሐሴ 13 የቡሄ በዓል ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ግጥም ይይዛሉ፣ ያገኙትንም በትክክል ይካፈላሉ። በአዲስ ዓመት ዋዜማ የጎጃም ልጃገረዶች የሚያከናውኑት እንግጫ ነቀላ ዜማንም ዕጽዋትን መለየትንም ያስተምራል። የዘመን አቆጣጠሩ ራሱ የማካፈል ትምህርት ነው። 5 ሺህ 500 ላይ ዓመተ ምሕረቱ ተደምሮ ለ4 ሲካፈል፣ ቀሪው 1 ከሆነ ዘመኑ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ ነው፤ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ ይባላል። ለ2018 ዓ.ም ሲሰላ ቀሪው 2 ስለሚሆን ዘመነ ማርቆስ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው።

አካባቢውም መጽሐፍ ነው። ከጮቄ ተራራ የሚነሣው ጨሞጋ ወዴት እንደሚፈስ፣ ዓባይ ዞኑን እንዴት እንደሚያካልለው በመሬት ላይ በእንጨት መሣል ይቻላል። በቢቸና አቅራቢያ ያለው የዲማ ጊዮርጊስ ደብር የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር» ከሚያነሣቸው ቦታዎች አንዱ መሆኑ ለላይኛው ክፍል ተማሪ መነሻ ይሆናል።

ጊዜው ከየት ይመጣል?

በቀን ግማሽ ሰዓት ለ60 ቀናት ሲደመር 30 ሰዓት ነው። ሰዓቱ ግን ለወንዱም ለሴቷም እኩል ሊደርስ ይገባል። ውኃ መቅዳቱ፣ እንጨት ለቀማውና ወጥ ቤቱ በሴት ልጅ ላይ ብቻ ከወደቀ ደብተሩ ሳይገለጥ ይመሻል። ሥራውን ለወንድሞቿም ማካፈል የቤተሰቡ ኃላፊነት ነው። በጋብቻ በኩል ደግሞ የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ እንዳትዳር ይከለክላል።

ከብት ጥበቃም ተራ ይወጣለት፤ የልጁ የንባብ ሰዓት ከብቶቹ ሲገቡ ወይም ከቁርስ በኋላ ተብሎ ይወሰን። በነሐሴ መጨረሻ ቤተሰቡ የልጁን ደብተር አገላብጦ ቢያይና የምዝገባውን ቀን ከትምህርት ቤቱ ቢጠይቅ፣ የክረምቱ ልፋት መስከረም ላይ ፍሬውን ያሳያል።