ድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነቱን የሚወጣው የቱ ላይ ነው?

በዓል ሲቃረብ የማዕድ ማጋራት ፎቶው ይበዛል፤ በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄም አብሮ ይበዛል። «የድርጅቶች ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚባለው ይሄው ነው እንዴ?» ትሉኛላችሁ።

ፎቶውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከኋላ አርማ ያለበት ባነር፣ ከፊት የተደረደረ ባለ አምስት ሊትር ዘይትና ዱቄት፣ መሀል ላይ ሥራ አስኪያጁና ዘይቱን የሚቀበሉ አንዲት እናት፤ ሁለቱም ካሜራውን ያያሉ። ለእኚያ እናት ዘይቱ ትልቅ ነገር ነው፤ አላቃልለውም። ግን ስጦታ የሚሰጠው ከትርፍ ላይ ተነስቶ ነው። እኔ ኃላፊነት የምለው ቀደም ብሎ፣ ትርፉ ሲገኝ የሚታየውን ነው። ለሠራተኛው ስንት ተከፈለው? የፋብሪካው ፍሳሽ የት ነው የሚደፋው? ጥሬ ዕቃውን ያመረተው ሰው ምን ደረሰው?

ይህን ከራሳችን ቡና ታሪክ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳየኝ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት፣ አቶ ጌታቸው መንግሥቴ ዋና ዳይሬክተር በነበሩበት ጊዜ፣ ይርጋጨፌ፣ ሐረርና ሲዳሞ የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ለአሜሪካ መንግሥት አመለከተ። ቡና በጆንያ ሲሸጥ ዋጋው የሚቆረጠው የኒውዮርክን ገበያ ተከትሎ ነው፤ ገበሬው የሚደራደርበት ነገር የለውም። ስሙ ግን ለብቻው ዋጋ ያወጣል። በዚያን ጊዜ በሲዳሞ ስም የታሸገ ልዩ ቡና አሜሪካ መደርደሪያ ላይ አንድ ፓውንዱ እስከ 26 ዶላር ሲሸጥ፣ እሸቱን ለቅሞ፣ አልጋ ላይ አስጥቶ፣ እያገላበጠ ያደረቀው ገበሬ እጅ የሚገባው ከአንድ ከሁለት ዶላር ፈቅ አይልም ነበር።

የይርጋጨፌ ምዝገባ አለፈ። ሲዳሞ ላይ ግን ቀድሞ የገባ ማመልከቻ ተገኘ፤ የአሜሪካው የቡና ድርጅት ስታርባክስ በ2004 ሲዳሞ የሚለው ቃል ያለበትን የቡና ስም ለማስመዝገብ ጠይቆ ኖሯል። ኋላ ማመልከቻውን ተወው። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበር ግን ምዝገባውን ተቃወመ፤ ስታርባክስም ከንግድ ምልክት ይልቅ የቡናውን መገኛ የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ይሻላል አለ። ቡናችን እጅግ ብዙ በሆኑ ትናንሽ ማሳዎች የሚለቀም ነው። ለምስክር ወረቀቱ እያንዳንዱን ጆንያ ተከታትሎ ማረጋገጥ ለአገሪቱ የማይቻል ነበር።

እንግዲህ ይኼው ስታርባክስ በዘመኑ በማኅበራዊ ኃላፊነት ከሚመሰገኑት አንዱ ነበር። ከ2000 ጀምሮ የፌር ትሬድ (የፍትሐዊ ንግድ) ቡና ይገዛ ነበር፤ በ2004 የራሱን የግዢ መመሪያ አውጥቷል። ሁለቱም እውነት ናቸው። መልካም ሥራው የቆመው ግን ለገበሬው በቡናው ስም የመደራደር መብት ሲጠየቅለት ነው።

በጥቅምት 2006 የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ስታርባክስ የኢትዮጵያን መብት እንዲቀበል ዘመቻ ከፈተ። ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች ለስታርባክስ ጻፉ፣ ደወሉ፣ ፋክስ ላኩ። የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየን ኃላፊ አቶ ታደሰ መስቀላን የሚከተለው «ብላክ ጎልድ» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልምም በዚያው ዓመት ይታይ ነበር። የስታርባክስ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ራሳቸው አዲስ አበባ መጡ። ሰኔ 2007 ላይ ድርጅቱ የስሞቹ ባለቤት ኢትዮጵያ መሆኗን ተቀብሎ ፈረመ።

ፍርድ ቤት አላስገደደውም። ያስገደደው ደንበኛው ነው። ለአንድ ስኒ ውድ ዋጋ የሚከፍል ሰው የሚከፍለው ለጣዕሙ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቤ ገበሬውን አይጎዳም ብሎ ስለሚያምንም ነው። እምነቱ ከተነካ ርካሽ ቡና እዚያው ማዶ አለ። ነጋዴ ደግሞ ይህን ከማንም ቀድሞ ያሰላዋል።

ማጋነን አልፈልግም። ስታርባክስ በስሞቹ ለመጠቀም ያገኘው ፈቃድ ክፍያ የሌለው ስለነበር በየከረጢቱ ለገበሬው የሚቆረጥ ገንዘብ አላመጣም። የተገኘው የመደራደሪያ አቅም ነው። ሸማች ጉልበት የሚኖረውም አማራጭ ሲኖረው ነው፤ ዘይት ከገበያ ሲጠፋ የተገኘውን ከመግዛት ውጭ ማን ይመርጣል? እዚያ ላይ ሕግ ያስፈልጋል። ሕጉም የት ላይ እንደሚያርፍ መታየት አለበት። ህንድ በ2013 የኩባንያዎች ሕጓ ትልልቅ ኩባንያዎች ከአማካይ ትርፋቸው 2 በመቶውን ለማኅበራዊ ሥራ እንዲያውሉ አዛለች፤ ጥሩ ነው፣ ግን እሱም ከትርፍ በኋላ ያለውን ነው የሚነካው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ውጭ አገር ያላችሁ፣ የኢትዮጵያ ቡና ስትገዙ ከረጢቱን ገልብጣችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ወይም የአካባቢው ስም መጻፉን እዩ፤ ካልተጻፈ ሻጩን ጠይቁ። አገር ቤት ያላችሁ ደግሞ፣ ለሚቀጥለው በዓል የአንድ ድርጅት የማዕድ ማጋራት ፎቶ ፊታችሁ ሲመጣ አመስግኑና ከሥሩ «የሠራተኞቻችሁ መነሻ ደመወዝ ስንት ነው?» ብላችሁ ጻፉ። የመለሰላችሁን ድርጅት ስም እዚህ አስተያየት ላይ አስቀምጡልኝ፤ በቻናሉ ላይ አወጣዋለሁ።