ፕላስቲኩን ገልብጡት

ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ይዞ ቦዲና ቀለም ጋራዥ የሚገባ ደንበኛ ዓይኑ የሚያርፈው ፊት ለፊት ላይ ነው። ጎማውን ከቦ በፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ የሚገጠመው ፕላስቲክ ከበሩ ቀለም ጋር ተመሳሰለ ወይ? ያብረቀርቃል ወይ? ጥያቄው ይኸው ነው። እኛ ውስጥ ያለነው ግን ሥራው የሚታወቀው በጀርባው መሆኑን እናውቃለን። ፕላስቲኩን ገልብጦ የሚያይ ደንበኛ የመጣ ቀን ቀለም ቀቢውም ገጣሚውም ቀልቡን ሰብስቦ ይሠራል። እንግዲህ በመካከላችን ይቅርና፣ ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ማኅተም ፈልጉ። ከጀርባ፣ ብዙውን ጊዜ ከብሎን ቀዳዳው አጠገብ፣ የፕላስቲኩ ዓይነት በትንንሽ የላቲን ፊደላት ታትሟል። ኤቢኤስ ከሆነ ተገላገላችሁ፤ ቀለም በደንብ ይይዛል። ፒፒ፣ ማለትም ፖሊፕሮፒሊን፣ ከሆነ ግን ቀለም አይወድም። ቀለሙ እንዲይዝ የሚያደርገው የፕላስቲክ ፕራይመር ቀድሞ ካልተረጨበት ያ ሁሉ የሚያብረቀርቅ ቀለም ቆይቶ በጥፍር ይላጣል። ርካሹ ዕቃ ደግሞ ማኅተም የሚባል ነገር ላይኖረው ይችላል። ያኔ ከጀርባ ጠርዙ በምላጭ ስስ ቅራፊ ታነሱና ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ትጥላላችሁ። ከተንሳፈፈ ጉዳዩ አለቀ፣ ከፒፒ ወገን ነው። ከሰመጠ ግን አትቸኩሉ፤ የታልክ ዱቄት የተደባለቀበት ፒፒም ሊሰምጥ ይችላል። በተጠራጠርን ጊዜ ፕራይመሩን መርጨት ነው፤ ሥራውን እንደገና ከመሥራት ይረክሳል።

ከዚያ እጥበት አለ። ደንበኛ ስለማያየው አብዛኛው ጋራዥ የሚዘለው ይህንን ነው። ፋብሪካው ዕቃው ከቅርጽ ማውጫው ጋር እንዳይጣበቅ የሚቀባው ቅባት በአዲሱ ፕላስቲክ ላይ ይቀራል። በሳሙናና በሞቀ ውሃ፣ ቀጥሎም በቅባት ማስለቀቂያ ሳይታጠብ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈገፈገ ቅባቱ አይወጣም፤ ጭረቱ ውስጥ ይቀበራል። ታጥቦ ሲያበቃ ውሃ አፍስሱበት። ውሃው እንደ ስስ ጨርቅ ተዘርግቶ ከወረደ ንጹሕ ነው፤ ነጠብጣብ እየሠራ ከተንከባለለ ገና ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ፤ ብዙ የሚዋሸው እዚህ ላይ ነው። «በኮድ ነው የሠራነው» ስትባሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ግን አይበቃም። በቶዮታ ላይ ኮዱ በሾፌሩ በር ምሰሶ ወይም ኮፈኑ ሥር ባለው ሰሌዳ ላይ፣ «ሲ/ቲአር» በሚለው መስመር ተጽፏል። 040 ሱፐር ዋይት ነው፤ የቀለም ቀቢ ወዳጅ፣ ብረት የለበት፣ ዕንቁ የለበት። 1ዲ6 የሚባለው ብርማ ግን ራስ ያዞራል። ውስጡ ያሉት የአሉሚኒየም ቅንጣቶች የሚተኙት እንደ መርጫው ግፊትና ርቀት ነው። ቀለሙ ደርቆ ያረፈ እንደሆነ ይነጣል፣ ርሶ ያረፈ እንደሆነ ይጠቁራል፤ ከአንድ ቆርቆሮ የወጣ ቀለም በሁለት ሰው እጅ ሁለት ቀለም ይሆናል። 070 ዕንቁ ነጭ ደግሞ ባለ ሦስት ንብርብር ነው፤ ከታች ነጭ፣ መሃል ሚካ፣ ላዩ ላይ ክሊር የሚባለው ግልጽ ሽፋን። መሃለኛው አንድ ዙር ከበለጠ ወይም ካነሰ መልኩ ይለወጣል።

ሌላም አለ። ኮዱ የሚነግራችሁ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን ቀለም ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ ፀሐይ ላይ ዓመታት የቆመች መኪና ቀለሟ ሄዷል። ፋብሪካም ቢሆን በአንድ ኮድ ሥር ትንሽ የሚለያዩ ቀለሞች ያወጣል። ስለዚህ ደህና ቀለም ቀቢ መጀመሪያ ፓራፋንጎውን በፖሊሽ ያጸዳል፤ ቀጥሎ በትንሽ ካርድ ላይ ቀለሙን ከነክሊሩ ረጭቶ፣ አድርቆ፣ ደጅ ወጥቶ ያስተያያል። ፊት ለፊትም ከጎንም ነው የሚታየው፤ ፊት ለፊት የገጠመ ብርማ ከጎን ሲያዩት ሊለይ ይችላል። «ካርዱን አሳዩኝ» በሉ። ካርድ የለንም ከተባላችሁ ከሌላ መኪና የተረፈ ቀለም በዓይን ግምት ተበጥብጦ ሊሆን ይችላል። በርና ፓራፋንጎ ሲቀባ አዲሱን ከአሮጌው ጋር እያሳሱ ማዋሐድ ይቻላል። ይህ ፕላስቲክ ግን ለብቻው የቆመ ዕቃ ነው፤ ልዩነቱን የሚደብቅበት ቦታ የለውም።

ክሊሩም ሁለት ዓይነት ነው። በማጠንከሪያ የሚበጠበጠው ከደረቀ በኋላ ነዳጅም ቲነርም በቀላሉ አያነሣውም። ያለ ማጠንከሪያ ከቆርቆሮ የሚነፋው በዕለቱ እኩል ያብረቀርቃል፤ ቲነር ግን ያነሣዋል። መለያው ቀላል ነው፤ ቲነር በነካ ጨርቅ ከጀርባ በታጠፈው ጠርዝ ላይ ፈጠን አድርጋችሁ እሹ። ጨርቁ ቀለም ይዞ ከመጣ አትክፈሉ። (የማጠንከሪያው ነገር ከተነሣ አይቀር፦ ውስጡ አይሶሳይኔት አለ፤ ሳንባን ያስቆጣል፣ አስም ያመጣል፤ የጨርቅ ጭምብል አይመልሰውም። ልጆቹ አፍንጫቸውን በሻሽ አስረው ሲረጩ የምታዩት ጋራዥ በሌላውም ሥራ ጥንቃቄ አለው ብዬ አልምልም።)

መግጠሙን ቀላል ነው ይሉታል። ብረቱን በስተው የሚገጥሙ አሉ፤ የተበሳው ጠርዝ ፀረ ዝገት ካልተቀባ ዝገቱ ከዚያ ይጀምራል። በሁለት ፊቱ በሚጣበቅ ፕላስተር የሚገጥሙም አሉ። ቪኤችቢ የሚባለው የ3ኤም ፕላስተር ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው በ72 ሰዓት ነው። መኪናዋን በማግስቱ ወደ ላቫጆ ከወሰዳችሁና በኃይለኛ ውሃ ካስመታችኋት ጥፋቱ የጋራዡ አይደለም። የሁለቱም ጠላት ጭቃ ነው። ጭቃ በፕላስቲኩ ጠርዝ ባለው ጎሚኒና በብረቱ መካከል ገብቶ፣ መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር እንደ ሞረድ ቀለሙን ይበላል። ፕላስቲኩ ከመቀመጡ በፊት ሥሩ ላይ ግልጽ መከላከያ ፊልም መለጠፍ አለበት። ካልጠየቃችሁ ግን የሚለጥፍላችሁ የለም።

መኪናችሁ ሳምንቱን ሙሉ ኮረት መንገድ ላይ የምትውል ከሆነ ደግሞ አታስቀቡት ባይ ነኝ። ጥቁሩ ሻካራ ፕላስቲክ ድንጋይ ሲመታው እምብዛም አያሳይም፤ የተቀባው ግን በየምቱ ይላጥና ጥቁሩ ከሥር ብቅ ይላል። ጋራዡ ይህን አይነግራችሁም፤ ሥራው ስለሆነ።

የመጨረሻው ያገለገለ መኪና ለምትገዙ ነው። አሮጌ ሃይሉክስ ቪጎ ላይ አዲስ፣ በመኪናዋ ቀለም የተቀባ የፓራፋንጎ ፕላስቲክ ካያችሁ ደላላው «ሙሉ ዲኮር አላት» ይላችኋል። ሃይሉክስ መዝገት ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ያ የጎማ ቅስት ነው፤ ፕላስቲኩ ደግሞ ልክ እሱን ነው የሚሸፍነው። ዝገቱን ቆርጦ ላሜራ ከመበየድ በስቱኮ ደፍኖ ፕላስቲክ መግጠም ይቀላል፤ ይረክሳልም። ጎንበስ ብላችሁ እጃችሁን ከጎማው በላይ አስገቡና የብረቱን ጠርዝ በጣት ዳብሱት፤ ቀጭንና ለስላሳ መሆን አለበት። ከወፈረ፣ ከሻከረ ወይም ከተፈረፈረ ማግኔት አስጠጉ፤ ስቱኮ ማግኔት አይስብም። ከዚያ ፕላስቲኩን ከታች የያዙትን ብሎኖች በካቻቢቴ እንዲፈቱላችሁ ሻጩን ጠይቁት። «ቀለሙ ይበላሻል» ካላችሁ ስለ ዋጋ አታውሩ።