አቧራ የማያግደው ራዳር ቦረቦር ያያል?

ራዳር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታወሰው አየር ማረፊያ ላይ የሚሽከረከር ትልቅ ሳህን ወይም ትራፊክ ፖሊስ የሚደግነው የፍጥነት መለኪያ ነው። ዛሬ ግን ያ ብቻ አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አዲስ አበባን ከሞሏት የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዳንዶቹ ከፊት መከላከያቸው ሥር መዳፍ የማይሞላ ራዳር አላቸው። ሰው አልባ ተሽከርካሪዎችም ከሚመሩባቸው መሣሪያዎች አንዱ ይኸው ዓይነት ነው፦ ከ76 እስከ 81 ጊጋ ኸርዝ የሚሠራ፣ የሞገዱ ርዝመት 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ።

እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ ከወልድያ መርሳ፣ ከመርሳም በጥርጊያ መንገድ ወደ ሀብሩ ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች ቢላክ ምን ይገጥመዋል?

«አቧራ ውስጥ ምንም መሣሪያ አያይም» ይባላል። በበጋ አይሱዙ ተከትሎ የነዳ ሰው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም። ካሜራ በእርግጥ ይታወራል። በሌዘር ብርሃን ርቀት የሚለካ መሣሪያም ይቸገራል፤ የብርሃኑ ሞገድ ርዝመት የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ያህል ስለሆነ የአቧራው ቅንጣት ይበትነዋል፣ መሣሪያውም ደመናውን ግድግዳ ነው ብሎ ሊቆም ይችላል። ለራዳሩ ሞገድ ግን ያ ቅንጣት ከቁብ አይገባም። በቺሊው የጋቢ መዳብ ማዕድን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሾፌር የሚመላለሱት የኮማትሱ ገልባጮች ራዳር የተገጠመላቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

«ዝናብ ራዳርን ያሳውረዋል» የሚለው ግማሽ እውነት አለው። የዝናብ ጠብታ ከራዳሩ ሞገድ ርዝመት ጋር ስለሚቀራረብ ያደክመዋል፤ በ100 ሜትር ርቀት ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ይልቅ የሚጎዳው ሽፋኑ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ነው። ሰው አልባው መኪና ጨርቅ የያዘ ረዳት ሊያስፈልገው ነው ማለት ነው!

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ራዳር ካለ ሁሉም ይታያል» የሚለው ነው። ራዳር የሚያውቀው ነጥሮ የተመለሰለትን ብቻ ነው። መንገድ ሊሻገር የተነሣን ግመል ያያል፤ ከፊት የሚመጣን ባጃጅ ፍጥነቱን ሳይቀር ይለካል። የተጣለ ቆርቆሮ ከትልቅ ድንጋይ ይበልጥ ጎልቶ ሊታየው ይችላል። ጎርፍ የበላው ቦረቦር ግን ከሩቅ የተላከውን ሞገድ አይመልስም፤ ሞገዱ አፋፉን አልፎ ይሄዳል። የረጋ ውሃም እንደ መስታወት ሞገዱን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል። መሐንዲሶች ለዚህ ብልሃት አበጅተዋል። ደህና መሬት በየርቀቱ ምን ያህል ምላሽ መስጠት እንዳለበት አስቀድሞ ይሰላል፤ የሚጠበቀው ምላሽ የቀረበት ቦታ «አይታለፍም» ተብሎ ይያዛል። ተሽከርካሪው የሚድነው ባየው ሳይሆን ባጣው ነው።

የወንዝ ጥልቀትንስ? አይለካም። በዚህ ፍሪኩዌንሲ ሞገዱ ውሃ ውስጥ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይዘልቅም። ክረምት ደራሽ ጎርፍ ሲወርድ የጊራና ወንዝ ጉልበት ይድረስ ወገብ፣ በዘንግ እየለካ የሚገባ ሰው ከመኪናው የተሻለ ያውቃል።

«የተቀበረ ተተኳሽም ያገኛል» ማለት ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ባለፈበት አካባቢ አደገኛ እምነት ነው። ከመሬት በታች የሚፈትሸው ራዳር ሌላ ነው፤ እጅግ ዝቅ ባለ ፍሪኩዌንሲ ይሠራል፣ መሬቱን ከቅርብ እያየም በዝግታ ይሄዳል። የመኪናው ራዳር ላዩን ብቻ ነው የሚያየው።

ለሀብሩ መንገድ ምረጥ ብባል ራዳርን ከሌዘር አስቀድማለሁ። ተሽከርካሪው ወንዝ ዳር ሲደርስ ግን ቆሞ ከሩቅ የሚቆጣጠረውን ሰው እንዲጠይቅ አደርጋለሁ።