አረንጓዴ ድንጋይ ይመስላል፣ ግን ተክል ነው!

ቤተሰብ፣ ዛሬ ወደ ፔሩ እንውሰዳችሁ። አሬኪፓ ከምትባለው ከተማ በላይ፣ አንዲስ ተራሮች ላይ፣ «ሳሊናስ ኢ አጉዋዳ ብላንካ» የሚባል ብሔራዊ ጥብቅ ስፍራ አለ። በ1979 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ሲሆን ስፋቱ ከ366 ሺህ ሄክታር በላይ ነው። አብዛኛው ክፍሉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ራስ ዳሸን አናት ላይ ልትደርሱ ትንሽ ሲቀራችሁ ያለውን ከፍታ አስቡት!

ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጭ ነው። ታዲያ እዚያ ምን ይኖራል?

👉 ያሬታ፦ አረንጓዴው «ድንጋይ» ይሄ ነው። ጥቃቅን ቅጠሎቹ እጅግ ተጠጋግተው ስለሚበቅሉ ብርዱንም ንፋሱንም ይቋቋማል። በዓመት የሚያድገው ግን 1.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሙጫ ስላለው ጥሩ ይነዳል፤ ጣጣ የሆነበትም ይሄው ነው። ለቤትም ለማዕድን ማውጫም ማገዶ እየሆነ ብዙ ተጨፍጭፏል።

👉 ቪኩኛ፦ የግመል ዘመድ ናት፣ ግን ቀጭንና ፈጣን። ፀጉሯ በጣም ስስና ውድ ስለሆነ አዳኞች ሊጨርሷት ደርሰው ነበር። በ1960ዎቹ የቀሩት ጥቂት ሺዎች ብቻ ነበሩ። አደን ሲከለከል ግን አገገመች፤ ዛሬ በአንዲስ በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ። አሁን የመንደሩ ሰው ተሰልፎ ይከባቸዋል፣ ፀጉራቸውን ይሸልታል፣ ከዚያ ይለቃቸዋል። «ቻኩ» ይባላል፤ ከኢንካዎች ዘመን ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው።

👉 ፍላሚንጎ፦ በጨዋማው የሳሊናስ ሐይቅ ሦስት ዓይነት ፍላሚንጎዎች ይታያሉ። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ቆመው ምግባቸውን ከውሃው ያጣራሉ።

«እኛን ምን አገባን?» የሚል የአሬኪፓ ሰው ካለ፣ መልሱ ከቧንቧው ይወጣል። ተራራው ላይ ያሉት ረግረጋማ ሳሮች የዝናቡንና የበረዶውን ውሃ እንደ ስፖንጅ ይዘው ቀስ እያሉ ወደ ቺሊ ወንዝ ይለቁታል። ከሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት ከተማ የምትጠጣው ከዚሁ ወንዝ ነው። ተራራው ሲራቆት ከተማዋም ይጠማታል ማለት ነው።

ቪኩኛ በጥቂት አሥርት ዓመታት ተመልሳለች፣ ምክንያቱም በየዓመቱ ትወልዳለች። ያሬታ ግን አንድ ሜትር ለማደግ ብቻ 60 እና 70 ዓመት ይፈልጋል። ለአንድ ምሽት ራት ማብሰያ የተቆረጠ ያሬታ ተመልሶ እስኪያድግ የቆራጩ ዕድሜ አይበቃም።